ሪስክ፦ ስለ አዲሱና ስለ ነባሩ ሳጥን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ «ካርታ» ስንል መጫወቻውም መልክዓ ምድሩም እንዳይምታታ፣ የሚዘረጋውን «ሰሌዳ»፣ የሚሳበውን «ካርድ» ብለነዋል።

ሪስክ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ዓለም በ42 ግዛትና በ6 ክፍለ ዓለም ተከፋፍላ የተሣለችበት የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ተራ የደረሰው ሰው መጀመሪያ አዲስ ጦር ተቀብሎ ግዛቶቹ ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያ ከፈለገ በዳይስ ጎረቤቱን ይወጋል፤ በመጨረሻ ጦሩን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያዛውራል። ገበጣ ላይ ዕድል ምንም ቦታ የላትም፤ እዚህ ግን ዳይስ አለና የተሻለ ያሰበው ሰው ሁልጊዜ አያሸንፍም።

ጨዋታውን የፈጠረው ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ አልቤር ላሞሪስ ነው። 1957 ላይ ፈረንሳይ ውስጥ «የዓለም ወረራ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ወጣ። በ1959 ፓርከር ብራዘርስ ሪስክ ብሎ አሜሪካ ውስጥ አሳተመው። ዛሬ ባለቤቱ ሃስብሮ ነው።

አዲሱ ከነባሩ በምን ይለያል?

በዋናነት በአጨራረሱ። በነባሩ ሕግ የሚያሸንፈው 42ቱንም ግዛት የጠቀለለ ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጨዋታው ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ገና በመጀመሪያው ሰዓት የተባረረ ሰውም ዳር ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ ይውላል። በ2008 ሮብ ዳቪዮ የከለሰው ሪስክ ይህንን ለማሳጠር ነው የወጣው። ሰሌዳው ላይ ከተሞች ተጨመሩ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች መዲና አገኘ፣ የሚሟሉ ዓላማዎች መጡ፣ የካርዱም አቆጣጠር በኮከብ ሆነ።

ሰሌዳው፣ ክፍለ ዓለማቱና የዳይሱ ፍልሚያ ግን ያው የድሮው ናቸው። ነባሩን የሚያውቅ ሰው አዲሱን በሩብ ሰዓት ይለምደዋል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ጠረጴዛ ላይ ከሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው አንዱ በነባሩ ሕግ፣ ሌላው በአዲሱ እየተጫወተ የሚፈጠር ነው።

የያዝኩት ሳጥን የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

የሳጥኑን ሽፋን ትተው ካርዶቹን ይዩ። ግዛት የተጻፈበት ካርድ ላይ እግረኛ፣ ፈረሰኛ ወይም መድፍ ከተሣለ ሕጉ ነባሩ ነው። አንድ ወይም ሁለት ኮከብ ካለበት የ2008ቱ ነው፤ በዚህኛው ሰሌዳ ላይ ከተሞችም ምልክት ተደርጎባቸዋል።

ሦስተኛም አለ። ሥዕል ካለባቸው የግዛት ካርዶች ሌላ «ይህን ቀለም አጥፋ» ወይም «እነዚህን ሁለት ክፍለ ዓለማት ያዝ» የሚሉ ካርዶች ካገኙ፣ የምሥጢር ተልእኮ ያለበት እትም ነው። ይህ ከ2008ቱ ዓላማዎች ጋር አንድ አይደለም፤ ተልእኮው ለየብቻ ተሰጥቶ የሚደበቅ ሲሆን ዓላማዎቹ ግን ሁሉም እያያቸው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ።

ሪስክ ሌጋሲ የሚባለውስ አዲሱ እትም ነው?

አይደለም፤ በ2011 የወጣ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። ሰሌዳው ላይ ተለጣፊ ይለጠፋል፣ በብዕር ይጻፋል፣ አንዳንድ ካርድ ተቀዶ ይጣላል፤ በ15 ዙር ጨዋታም ሰሌዳው የባለቤቶቹ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ያገለገለ ሌጋሲ ከመግዛትዎ በፊት ሳጥኑን ከፍተው ይዩ። የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም አያዋጣም።

ለስንት ሰው ይሆናል? ስንት ጦር ይዘን እንጀምር?

በነባሩ ሕግ 3 ሰው ከሆኑ ለእያንዳንዱ 35፣ 4 ከሆኑ 30፣ 5 ከሆኑ 25፣ 6 ከሆኑ 20 ጦር ይሰጣል። በየተራ አንድ አንድ ጠጠር ባዶ ግዛት ላይ እያኖሩ 42ቱን ይይዛሉ፤ የተረፈውንም እንዲሁ አንድ በአንድ በራሳቸው ግዛት ላይ ይጨምራሉ። 42 ለ4 እኩል ስለማይካፈል ሁለቱ 11፣ ሁለቱ 10 ግዛት ይደርሳቸዋል። በ5 ሰው ደግሞ ሁለቱ 9፣ ሦስቱ 8 ይይዛሉ። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ቀድሞ የጀመረ ሰው ያገኘው ጥቅም ነው።

ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ሦስተኛ ገለልተኛ ጦር አቁሙ፦ ለሦስቱም 40 40 ጠጠርና 14 14 ግዛት። ገለልተኛው አያጠቃም፣ አዲስ ጦርም አይቀበልም። አንዱ ሲያጠቃው ሌላኛው ተጫዋች ስለ እርሱ ዳይስ ይጥላል። የምንመክረው ግን 4 ሰው ነው፤ በሦስት ሰው ሁለቱ አብረው አንዱን ይጨርሱታል፣ በስድስት ሰው ደግሞ ተራ እስኪደርስ እንቅልፍ ይመጣል።

በየተራው የሚሰጠኝን ጦር እንዴት ልቁጠር?

በነባሩ ሕግ የያዙት ግዛት ለ3 ተካፍሎ ትራፊው ይጣላል። 11 ግዛት ያለው 3 ያገኛል፤ 14 ያለው 4። ምንም ያህል ቢያንስ ከ3 አይወርድም። በአዲሱ ከተሞችም አብረው ይቆጠራሉ፦ 11 ግዛትና በውስጣቸው 3 ከተማ ያለው ሰው 14 ተብሎ 4 ጦር ይወስዳል።

አንድ ክፍለ ዓለም ሙሉ በሙሉ ለያዘ ጭማሪ አለው፦ እስያ 7፣ ሰሜን አሜሪካ 5፣ አውሮፓ 5፣ አፍሪካ 3፣ ደቡብ አሜሪካ 2፣ አውስትራሊያ 2። እዚህ ላይ ሁሉም የሚስተው ነገር ጊዜው ነው። ቆጠራው ተራዎ ሲጀምር ነው። አሁን በዚህ ተራ አፍሪካን ቢጠቀልሉ 3ቱን ጦር የሚቀበሉት በሚቀጥለው ተራ፣ እስከዚያ ካላስነጠቁት ብቻ ነው።

ስንት ዳይስ ነው የሚጣለው? እኩል ከመጣስ?

አጥቂ እስከ 3፣ ተከላካይ እስከ 2 ዳይስ ይጥላል። አጥቂው ግዛቱ ላይ ከዳይሱ ቢያንስ በአንድ የሚበልጥ ጦር ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ጠጠር ቤት ጠባቂ ነውና አይዘምትም። ለ3 ዳይስ 4 ጦር፣ ለ2 ዳይስ 3 ጦር ማለት ነው። ተከላካዩ 2 ዳይስ ለመጣል 2 ጦር ይበቃዋል። በብዛት የሚሠራው ጥፋት 3 ጠጠር ይዞ 3 ዳይስ ማንሳት ነው።

ከዚያ ትልቁ ከትልቁ፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ይነጻጸራል። እኩል ከመጣ የሚያሸንፈው ተከላካይ ነው። አጥቂው 6፣ 4፣ 2 ጥሎ ተከላካዩ 6፣ 3 ቢጥል፦ 6 ከ6 እኩል ስለሆነ አጥቂው አንድ ጠጠር ያነሳል፤ 4 ከ3 ስለሚበልጥ ተከላካዩም አንድ ያነሳል። የአጥቂው 2 ከማንም ጋር አይነጻጸርም።

ግዛቱ ከተያዘ በመጨረሻው ጥቃት የጣሉትን ዳይስ ያህል ጦር የግድ ማስገባት አለብዎ፤ በ3 ዳይስ የያዙ ቢያንስ 3። ከዚያ በላይ ማስገባት ፈቃድዎ ነው።

እኩል የሚያሸንፈው ተከላካይ ከሆነ፣ ማጥቃት ምን ያዋጣል?

ብዙ ጦር ካለ ያዋጣል። 3 ዳይስ በ2 ዳይስ ላይ ሲጣል፣ ከመቶ 37 ያህሉ ተከላካዩ ሁለት ያጣል፣ 29 ያህሉ አጥቂው ሁለት ያጣል፣ ቀሪው 34 ሁለቱም አንድ አንድ ያጣሉ። ሲጠቃለል አጥቂው 92 ጠጠር ሲያጣ ተከላካዩ 108 ያጣል። ልዩነቱ ትንሽ ትመስላለች፤ በ20 ጠጠር ሲዘምቱ ግን ትታያለች።

ነገሩ የሚገለበጠው አጥቂው ሲሳሳ ነው። 2 ዳይስ በ2 ላይ ከሆነ ሁለቱንም የማሸነፍ ዕድል ከመቶ 23 ገደማ፣ ሁለቱንም የመሸነፍ ወደ 45 ነው። 1 በ1 ከሆነ አጥቂው የሚያሸንፈው 42 ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ግዛቱ ላይ 3 ጠጠር ሲቀርዎት ያቁሙ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር» የሚለው ነው ብዙውን ሰው ባዶ ድንበር ይዞ የሚያስቀረው።

መጀመሪያ የትኛውን ክፍለ ዓለም ልያዝ?

ጭማሪውን ብቻ አይመልከቱ፤ የሚጠበቁትን በሮች ይቁጠሩ። አውስትራሊያ 4 ግዛት፣ 1 በር አላት፤ ከእስያ የሚገባባት በኢንዶኔዥያ ብቻ ነው። ደቡብ አሜሪካ 4 ግዛት፣ 2 በር፦ ቬንዙዌላና ብራዚል። ሰሜን አሜሪካ 9 ግዛት ብትሆንም 3 በር ብቻ ነው ያላት፦ አላስካ፣ ግሪንላንድና መካከለኛው አሜሪካ። አላስካ ከእስያዋ ካምቻትካ ጋር በሰሌዳው ጫፍና ጫፍ እንደምትገናኝ የረሳ ሰው ሁልጊዜ ከኋላው ይወጋል።

አውሮፓ 7 ግዛትና 4 በር አላት፤ ለ5 ጦር ብዙ ጥበቃ ነው። እስያ 12 ግዛትና 5 በር ይዛ 7 ትሰጣለች፤ በጨዋታው መጀመሪያ እስያን ለመጠቅለል የተነሳ ሰው ለጎረቤቶቹ ውለታ ይውላል እንጂ ለራሱ አይሠራም። አውስትራሊያ ሁሉም የሚሻማባት ስለሆነች ሁለት ሰው ከተያያዘባት ትቶ ደቡብ አሜሪካ መግባት ይሻላል።

ኢትዮጵያ ሰሌዳው ላይ የት ናት?

ለብቻዋ የለችም፤ «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚለው ግዛት ውስጥ ናት። ይህ ግዛት ከግብፅ፣ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከኮንጎ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከማዳጋስካርና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ በጠቅላላው ከ6 ግዛት ጋር ይገናኛል። አፍሪካን የያዘ ሰው የሚጠብቃቸው ሦስት በሮች ሰሜን አፍሪካ፣ ግብፅና ምሥራቅ አፍሪካ ናቸው። በሕይወት እንደሚታየው ሁሉ እዚህም የቀይ ባሕሩ በር ጠባቂ ይፈልጋል።

የኔ ሰሌዳ ላይ ምሥራቅ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ አይገናኙም። ለምን?

የኅትመት ስሕተት ነው። በ1999 ጨዋታው አሜሪካ ውስጥ ለታተመበት 40ኛ ዓመት በወጣው እትም ላይ ይህ መገናኛ ቀረ፤ በኋላ በወጡት ሰሌዳዎች ላይ ተመልሷል። ቀላል ነገር አይምሰልዎ፤ መስመሩ ከሌለ የአፍሪካ በሮች ከ3 ወደ 2 ይወርዳሉ፣ አፍሪካም ከሚገባት በላይ ረክሳ ትገኛለች። መስመሩን በእርሳስ አስምሩበት። ካልሆነም ከመጀመራችሁ በፊት «ይገናኛሉ» ብላችሁ ተስማሙ፤ መሐል ላይ ሲነሳ የሚያስማማ የለም።

የካርዱ ልውውጥ በአዲሱና በነባሩ እንዴት ነው?

በሁለቱም በተራዎ ቢያንስ አንድ ግዛት ከያዙ በተራዎ መጨረሻ 1 ካርድ ይስባሉ። አሥር ቢይዙም ያው 1 ነው።

በነባሩ 3 ካርድ ሲገጥም ይለወጣል፦ ሦስት አንድ ዓይነት፣ ሦስት የተለያየ፣ ወይም ሁለት ማናቸውም ከጆከር ጋር። የመጀመሪያው ልውውጥ 4 ጦር ይሰጣል፣ ቀጥሎ 6፣ 8፣ 10፣ 12፣ 15፣ ከዚያ በየጊዜው 5 እየጨመረ 20፣ 25 ይላል። ቆጠራው የጠረጴዛው እንጂ የእያንዳንዱ ሰው አይደለም። ከእርስዎ በፊት ሦስት ሰው ከለወጠ የእርስዎ የመጀመሪያ ልውውጥ 10 ነው። 5 ካርድ የያዘ ሰው መለወጥ ግዴታው ነው። ከለወጧቸው ካርዶች በአንዱ ላይ ያለው ግዛት የእርስዎ ከሆነ ደግሞ እዚያው ግዛት ላይ 2 ጦር ይጨመርልዎታል።

በአዲሱ የሚቆጠረው ኮከብ ነው፦ 2 ኮከብ 2 ጦር፣ 3 ኮከብ 4፣ 4 ኮከብ 7፣ 5 ኮከብ 10፣ 6 ኮከብ 13፣ 7 ኮከብ 17፣ 8 ኮከብ 21፣ 9 ኮከብ 25፣ 10 ኮከብ 30። ሰንጠረዡ ጨዋታው ቢረዝምም አያድግም፤ የሚያድገው የቆጠበ ሰው ነው። 10 ኮከብ በሁለት ጊዜ አምስት አምስት ቢለወጥ 20 ጦር ነው፣ አንድ ላይ ግን 30። ታዲያ ለምን ሁሉም አይቆጥብም ቢሉ፣ ብዙ ካርድ የያዘ ደካማ ሰው እንደ ሠባ በግ ስለሚታይ ነው፤ እሱን ያጠፋ ካርዱን ይወርሳል።

በተራዬ መጨረሻ ጦሬን የትም ማዛወር እችላለሁ?

በአንድ ተራ አንድ ዝውውር ብቻ ነው። ርቀቱ ላይ ግን መጻሕፍቱ አይስማሙም። በቀድሞው የአሜሪካ ሕግ ጦር የሚሄደው አጠገብ ወዳለ የራስ ግዛት ብቻ ነው። በ2008ቱ የእርስዎ በሆኑ ግዛቶች ሰንሰለት የተያያዘ ከሆነ ሩቅም ይደርሳል። ሰንሰለቱ ጨዋታውን ያፈጥናልና እኛ እሱን እንመርጣለን፤ ዋናው ግን ከመጀመሪያው ዳይስ በፊት መወሰኑ ነው። በሁለቱም አንድ ጠጠር ኋላ መቅረት አለበት።

ዓላማዎቹን ካሟላሁ ወዲያው አሸነፍኩ ማለት ነው?

በ2008ቱ ለማሸነፍ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ 3 ዓላማ ማሟላትና የራስዎን መዲና በእጅ መያዝ። ዓላማዎቹ አንድን ክፍለ ዓለም መያዝ፣ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ከተሞችን መሰብሰብ፣ የጠላት መዲና መንጠቅ የመሳሰሉት ናቸው፤ አንዳንዶቹም ላሟላቸው ሰው ጥቅም ይሰጣሉ።

ሰው የሚሸነፈው በሁለተኛው ነው። ለዓላማ ሲሯሯጥ መዲናውን በ2 ጠጠር ትቶ ይሄዳል፣ ጎረቤቱም ይነጥቀዋል። አንድ ሰው ሁለት ዓላማ ካሟላ በኋላ መላው ጠረጴዛ የሚዘምተው ወደ መዲናው ነው። ስለዚህ መዲናዎን መጀመሪያውኑ መንገድ ዳር አያኑሩ። ኢንዶኔዥያ ላይ ሳይሆን ከኋላዋ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ብራዚል ላይ ሳይሆን አርጀንቲና።

የምሥጢር ተልእኮዬ «ቀዩን አጥፋ» ይላል፤ ቀዩ ራሴ ነኝ። ምን ላድርግ?

በተለመደው ሕግ ቀለሙ የራስዎ ከሆነ፣ ጨዋታው ውስጥ ከሌለ፣ ወይም ሌላ ሰው ቀድሞዎት ካጠፋው፣ ተልእኮዎ 24 ግዛት ወደ መያዝ ይለወጣል። ለማንም አይናገሩ። አንዳንዱ ቤት የማይጫወቱትን ቀለሞች ካርድ ከመነሻው ያወጣል፤ ይህም ያስኬዳል። «18 ግዛት» የሚለው ተልእኮ ግን በእያንዳንዱ ላይ ቢያንስ 2 ጦር ይጠይቃል፤ 1 ጠጠር ያለበት ግዛት አይቆጠርም።

ጠጠር ጎደለብን፤ ዳይሱም ሲወድቅ ሰሌዳውን ይበትነዋል።

በነባሩ እግረኛ 1፣ ፈረሰኛ 5፣ መድፍ 10 ነው። ለጎደለው እግረኛ ሽምብራ ይበቃል፣ ለፈረሰኛው ባቄላ። ምስር አይሆንም፤ ከሰሌዳው ላይ ሲለቅሙት ጎረቤት ግዛት ይገባል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተለየ ቀለም ካስፈለገ ባቄላውን በማርከር ይቀቡት።

ዳይስ ሰሌዳው ላይ አይጣልም። ጨርቅ የተነጠፈበት ጎድጓዳ ሳህን መሐል ላይ አኑሩ። ከሳህኑ የወጣ ወይም ጨርቁ እጥፋት ላይ ተንጋዶ የቆመ ዳይስ ዳግም ይጣላል፤ ዳግም የሚጣለው ያ አንዱ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም የሚለውን ቀድማችሁ ወስኑ።

ስምምነት ማድረግ ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል፤ የሚያስከብረው ሕግ ግን የለም። «ብራዚልና ሰሜን አፍሪካ ለሦስት ተራ አይዋጉም» ብሎ መጨባበጥ ይቻላል፣ ማፍረስም ይቻላል። ጦር ወይም ካርድ መስጠት ግን አይቻልም። ወንድምና እህት ሲጫወቱ ይህችኛዋ ተለይታ ትነገራቸው።

ተራዬ መሐል ላይ አንዱን ካጠፋሁት ካርዱን ወዲያው መለወጥ እችላለሁ?

በነባሩ ሕግ ይህ የሚወሰነው በእጅዎ ባለው ጠቅላላ ብዛት ነው። የእርሱን ጨምሮ 6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነልዎ፣ ወዲያው መለወጥ ግዴታ ነው፤ 4 ወይም ከዚያ በታች እስኪቀር ድረስ ይለውጣሉ፣ በተገኘው ጦርም በዚያው ተራ ማጥቃትዎን ይቀጥላሉ። 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ጥቃት መሐል አይለወጥም፤ የሚቀጥለውን ተራ መጀመሪያ ይጠብቃሉ።

ምሳሌ፦ እርስዎ 3 ካርድ አለዎት፣ ያጠፉት ሰው 4 ነበረው። 7 ሆኑ። 3ቱን ሲለውጡ 4 ይቀራል፤ እዚያ ላይ ያቆማሉ፣ ሌላ የሚገጥም ሦስት ቢኖርም። ሰውዬው 2 ካርድ ብቻ ቢኖረው ግን 5 ይሆኑና ምንም አይለወጥም። ስለዚህ ሰው ለማጥፋት ከመዝመትዎ በፊት የራስዎንም የእሱንም ካርድ ይቁጠሩ፤ አንድ ካርድ ሲጎድል ጦርዎ አልቆ መሐል ሜዳ ላይ ይቀራሉ፣ የሰበሰቡትን 5 ካርድ ይዘው ለሚቀጥለው ሰው ይደርሱለታል።